የበዓል ማግስት ቢደውሉስ?

እኅቴ ትርንጎ ስትሞት አንድም ጥርስ አልጎደላትም ነበር።

ይህን የማውቀው ሬሳዋን ካጠቡት ሴቶች ነው። ከእነሱ አንዷ ጎረቤታችን እማማ ደስታ ናቸው። አጥበውና ገንዘው ሲወጡ እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ እናቴ አጠገብ ተቀመጡ። "ጥርሷ ሁሉም አለ" አሉ። "እንደ በቆሎ ተደርድሯል። እኔ በእሷ ዕድሜ የመንጋጋዬን ሁሉ አስነቅዬ ጨርሼ ነበር።"

እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው። "እሱንስ ጠብቃዋለች" አለች።

ለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። የሟች ደግነት ነው የሚወራው። እኔም ስለ እትዬ ትርንጎ ልጽፍ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ፣ ከደግነቷ ልጀምር ስል እጄ እምቢ ይለኛል። ደግ ነበረች። ግን ደግ ሰው ብዙ ነው። ስለ እሷ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥርሷ ነው።

ጥርሷን የምትጠብቀው ለቁንጅና አልነበረም። ልቧን ታማ ስለነበር ነው። ከዚህ ብጀምር ይሻላል።

ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን እየደጋገመ ያማት ነበር። እንጥሏ ወርዷል ተባለና ተቆረጠ። ጉሮሮዋ ተሻላት። ቆይቶ ጉልበቷና ክርኗ ያብጥ ጀመር። ቁርጥማት ነው ተባለ፤ ጠበል ገባች፤ እብጠቱም ጠፋ። ዳነች ብለን ተውነው። ትልቅ ሰው ከሆነች በኋላ ዳገት መውጣት አቃታትና ደሴ ወሰድኳት። ያ የልጅነት ጉሮሮ ልቧ ድረስ ወርዶ ኖሯል። ሐኪሙ ሲያስረዱን፣ ልብ በር አለው፤ የእሷ በር አልገጥም ብሏል፤ ስለዚህ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል አሉን። በየወሩ መርፌ ትወጋለች። የሚጠገነው ግን አዲስ አበባ ነው። እሱም በተራ ነው።

እትዬ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ተራዬ እስኪደርስ እኔ ምን ልሥራ?"

"ጥርስሽን ጠብቂ" አሏት።

የቀለዱ መስሎን ተያየን። አልቀለዱም። ከተበላሸ ጥርስ የሚነሣው ጀርም በደም ሄዶ የታመመው የልብ በር ላይ ይቀመጣል አሉ። ለቀዶ ሕክምናው ስትጠሪም መጀመሪያ የሚያዩት አፍሽን ነው። የበሰበሰ ጥርስ ካገኙ ይመልሱሻል። እሱን አሳክመሽ እስክትመጪ ተራሽ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

"መቼ ነው የሚደውሉት?" አለች።

"አይታወቅም። ነገም ሊሆን ይችላል፤ ከዓመታት በኋላም ሊሆን ይችላል።"

በሚኒባስ ተመለስን። አቀስታ ላይ ሻይ ልንጠጣ ወረድን። እንደ ልማዷ ስኳር ልትጨምር ማንኪያውን ሞላችና፣ አየት አድርጋው፣ መልሳ ዕቃው ውስጥ ገለበጠችው። ሻዩን እንዲሁ ጠጣችው።

"እንዴት ነው?" አልኳት።

"ሣር ነው።"

ከዚያ ቀን በኋላ ሻይ በስኳር ስትጠጣ አላየኋትም። ሣር ነው ማለቷንም አልተወችም።

በከተማችን በመካነ ሰላም፣ ገበያው አጠገብ በረንዳ ላይ ልብስ ትሰፋ ነበር። የዚያ በረንዳ ሰፊዎች ሁሉ ክር የሚበጥሱት በጥርሳቸው ነው። እጅ መኪናው ላይ ነው፤ ጥርስ ደግሞ ቅርብ ነው። እሷም ከዚያ በፊት እንደዚያው ነበር የምታደርገው። ከደሴ በተመለሰች ማግስት ግን መቀሷን በገመድ አስራ አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ለእያንዳንዷ ክር መቀሱን ታነሣለች። ሌሎቹ ሰፊዎች ጠዋት ሲገቡ፣ "አባ፣ መስቀልዎን ያሳልሙን" ይሏታል። እትዬ ሳትስቅ መቀሱን ታሳልማቸዋለች። ከዚያ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

መታመሟን ከእኔና ከእናቴ በስተቀር ማንም አያውቅም ነበር።

ስልኳ ባለ ቁልፍ፣ ትንሽ፣ ጀርባው በክር የታሰረ ስልክ ነው። ድምፁን አታጠፋውም። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ እንኳ ለእኔ ትሰጠኝና፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ እኔ ከቅጥሩ ውጭ ይዤው እቆማለሁ። ሲጮህ ፈጥኜ አነሣዋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚደውለው ቀሚሷ የደረሰላት መሆኑን የምትጠይቅ ሴት ናት።

ጥንቃቄዋ የሚብሰው በዓል ሲቃረብ ነው። በአዘቦት ቀን የምንበላው ሽሮ ነው። ሽሮ ጥርስ አይሰብርም። በዓል ግን ቅልጥሙም፣ ጠጁም፣ ለስላሳውም፣ ቆሎውም በአንድ ቀን ይመጣል። "ሰው ሁለት ወር ጾሞ ጾሞ፣ በአንድ ቀን ሁሉንም ጥርሱ ላይ ይጥልበታል" ትል ነበር። እናቴ፣ "አብሽሪ ልጄ፣ አንድ ቀን ምን አለበት?" ስትላት መልሷ ሁልጊዜ ያው ነው።

"የበዓል ማግስት ቢደውሉስ?"

ብዪ ሲሏት የማትበላ ሰው አልነበረችም። ይህን ልናገር። በበዓል ትበላለች፤ ዶሮውንም፣ ጥብሱንም፣ ዳቦውንም። ግን መንገድ ነበራት። ቅልጥም በጥርስ መስበር በእኛ አገር የወንድ ሥራ ነው፤ እትዬ ደግሞ የመጥረቢያውን ጀርባ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥባ ከገበታው አጠገብ ታስቀምጠዋለች። የፋሲካ ለት ቤታችን የገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው መጥረቢያ ነው።

"ደህና ናችሁ?" ይላል እንግዳው፣ በሩ ላይ ቆሞ።

"ደህና ነን። ለአጥንቱ ነው፤ ግቡ" ትላለች።

ሥጋ ጥርሳቸው መካከል ሲገባ በክብሪት እንጨት፣ ሲብስም በሚስማር የሚጎረጉሩ ሰዎች ነበሩ። ድድ ይደማል፤ የደማ ድድ ደግሞ ለእሷ በር እንደ መክፈት ነው። ስለዚህ ነጭ የስፌት ክር በመቀሷ እየቆረጠች ለእያንዳንዱ እንግዳ አንዳንድ ትሰጥ ጀመር፤ በጥርሶቹ መካከል አሳልፎ ሥጋውን እንዲያወጣበት። በመጀመሪያው ዓመት ግን አላስረዳችም። ሁሉም ያውቃል ብላ ነው። እንግዶቹ ክሩን ተቀበሉ፤ ተያዩ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ፊታቸውን አማተቡና አንገታቸው ላይ አሰሩት። እሳቸውን አይተው ሌሎቹም አሰሩ። ከገዳም የመጣ ማተብ መስሏቸው ነው።

እትዬ ሁሉንም አየቻቸው። ክር መቁረጫዋን አንሥታ ለእያንዳንዳቸው ሌላ ክር ቆረጠች። "ያኛው ለአንገት ነው" አለች። "ይሄኛው ለጥርስ።"

የአጎታችን ልጅ ባዬ በየፋሲካው ከከላላ ይመጣል። ባዬ የታወቀው ቆርኪ በጥርሱ በመክፈት ነው። መክፈቻ ፍለጋ የሚነሣ ሰው ካየ እንደ ስድብ ነው የሚቆጥረው። እትዬ መክፈቻ ገዝታ ከቤታችን ምሰሶ ጋር በገመድ አሰረችው። ባዬ ገና ሲገባ አየው።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ጥጃ ነው የታሰረ?"

"መክፈቻ ነው።"

"እኔ እያለሁ?"

"አንተ ስላለህ ነው የገዛሁት።"

"ታዲያ ጥርስ ምን ሊሠራ ተሰጠ?"

"ሊያኝክ። ለቆርኪ ቢሆን ኖሮ ከብረት ይሠራልህ ነበር።"

"የኔስ ብረት ነው" አለ ባዬ።

ከምሳ በኋላ ቆርኪ ሲከፍት የፊት ጥርሱ ጫፍ ተሸረፈ። ድምፁን ሁላችንም ሰማነው። ባዬ የተሸረፈችውን ነገር መዳፉ ላይ እንትፍ አደረገና አያት። እትዬ ተነሣች፤ መክፈቻውን ከምሰሶው ፈታች፤ አምጥታም ከብርጭቆው አጠገብ አስቀመጠችለት። ባዬ መክፈቻውን አየው። ቀጥሎ የቀረውን ጠርሙስ በጎን ጥርሱ ከፈተው።

"ወላሂ ብረት ነህ" አለችው።

ለሰፈሩ ልጆች ደግሞ የገና ለት ለስላሳ ይገዛላቸዋል። ልጅ ለስላሳ ሲያገኝ ቶሎ አይጨርሰውም። ጠርሙሱን ይዞ ይዞራል፤ ትንሽ ይቀምስና ክዳኑን ይዘጋል፤ ለጓደኛው ያሳያል፤ እንደገና ይቀምሳል። ማታ ድረስ ያቆየዋል። እትዬ ይህን ስታይ ከደጃችን ሆና ትጠራቸዋለች።

"ኑ እስቲ። ወይ ጠጡት፣ ወይ ተዉት። ቀኑን ሙሉ አትጥቡት። ከምግብ ጋር ጠጥታችሁ ጨርሱትና አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡ።"

"እትዬ፣ ቶሎ ካለቀ ከዚያ ምን እንጠጣለን?" አለቻት አንዷ።

"ውሃ።"

"ውሃማ ሁልጊዜ አለ።"

"ለዚያ እኮ ነው።"

ልጅቷ ወዲያው ሄዳ ጥርሷን ልትፍቅ ተነሣች። እትዬ ያዘቻት። የልብስ ቁራጭ አመጣች፤ ውሃ ነከረችው፤ በጣቶቿ ፈተገችው። ጨርቁ ሳሳ፤ ቃጫው ተነሣ። "ከለስላሳ በኋላ ጥርስ እንደዚህ ነው። ርጥብ ነው። መጀመሪያ ተጉመጥመጪ፤ ተጫወቺ፤ ሲደርቅ ትፍቂዋለሽ።" ጥርስ እንዴት እንደሚደርቅ እኔም አልገባኝም። ልጅቷ ግን ሄዳ ተጫወተች።

ስትፈራ ያየኋት አንድ ቀን ብቻ ነው። በማርያም ማኅበር ቆሎ ቀርቦ ስታኝክ ጠጠር ነከሰች። ሌላው ሰው ቢሆን ይሳደብና ይተፋዋል። እትዬ ፊቷ አመድ መሰለ። ጉንጯን በእጇ ደግፋ ወደ ቤት መጣችና ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሁልጊዜ እንዲጮህ የምትጠብቀውን ስልክ፣ ያን ቀን እንዳይጮህ ስትጸልይ ሰማኋት።

ሲነጋ በመጀመሪያው መኪና ብቻዋን ደሴ ሄደች። የባጃጅ ሥራ ነበረኝና አልተከተልኳትም። እናቴ ቀኑን ሙሉ ደጅ ደጁን ስታይ ዋለች። በማግስቱ ስትመለስ ባጃጄን ይዤ መናኸሪያ ጠበቅኋት።

"ምን አሉሽ?"

"ጥርሴ ደህና ነው" አለች፣ ባጃጁ ላይ እየወጣች። "የተሰነጠቀው ጠጠሩ ነው።"

አሁን ስለ እማማ ደስታ ጠጅ ልናገር።

እማማ ደስታ ጎረቤታችን ናቸው፤ መካከላችን ያለው አንድ አጥር ነው። ጠጃቸው ጌሾው የማይበዛበት፣ ማሩ የሚበዛበት ነው፤ በሰፈሩ ይታወቃል። በፋሲካ እሳቸው ቤት ሳይገቡ ማለፍ አይቻልም። እትዬ መጠጥ ባይፈቀድላትም ለእሳቸው ደስ እንዲላቸው ትቀምሳለች፤ ከዳቦውም፣ ከወጡም ትበላለች። ስትወጣ ግን ነጠላዋ ሥር በያዘችው የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አፏን ትጉመጠመጥና አጥሩ ሥር ትተፋዋለች። በየቤቱ እንደዚያ ታደርግ ነበር። ማንም አላያትም።

አንድ ፋሲካ ግን እማማ ደስታ ዶሮዎቻቸውን ሊመልሱ ወጥተው አዩዋት።

በበዓል ቀን የበሉበትን ቤት ደጅ ላይ መትፋት በእኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው። ቤትሽ አይባረክ ከማለት አይተናነስም። ወይም ደግሞ መርዝ አለበት ማለት ነው። እማማ ደስታ በዚያን ጊዜ አልተናገሩም። በማግስቱ ለልጅ ልጃቸው ሊሰፋ እትዬ ጋ የነበረውን ጨርቅ መጥተው ወሰዱ። ከዚያ ሌሎች ሴቶችም መጡና ጨርቃቸውን ወሰዱ። በረንዳው ላይ የሁሉም መኪና ሲጮህ የእትዬ ዝም ይላል። ያም ሆኖ መቀሷን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትቀመጣለች።

ሽማግሌ ተላከ። ሽማግሌው አያ ይማም ናቸው። በሰፈራችን ክርስቲያን ከክርስቲያን ሲጣላ አያ ይማም ይጠራሉ፤ እስላም ከእስላም ሲጣላ ቄሱ ይጠራሉ። ማን እንዳመጣው አላውቅም፤ ይሠራል። ግቢያችን ውስጥ በርጩማ ወጣላቸው። እናቴ ለእሳቸው የሚሆን፣ የማያሰክረውን ቅሪቦ አቀረበች። እማማ ደስታ በአንድ በኩል፣ እትዬ በሌላ በኩል ተቀመጡ።

"ልጄ፣ ተፍተሻል ወይስ አልተፋሽም?" አሉ አያ ይማም።

"ተፍቻለሁ።"

"ጠጁን?"

"ውሃውን።"

"ውሃ ለምን ይተፋል?"

"አፌን ልታጠብ ብዬ ነው።"

እማማ ደስታ ነጠላቸውን አጣፉ። "የኔ ጠጅ አፍ ያቆሽሻል?"

"ጣፋጭ ሁሉ ያቆሽሻል፣ እማማ። የእናቴም ቢሆን።"

"የኔን ምን አመጣው?" አለች እናቴ ከበሩ ላይ ሆና።

አያ ይማም ቅሪቦውን ፉት አሉ። "እኔ እንግዲህ ጠጅ ቀምሼ አላውቅም። እንዳልዋሽ። ደስታ፣ ጠጅሽ ጣፋጭ ነው?"

እማማ ደስታ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቷቸዋል። ግን አይጣፍጥም ሊሉ አልቻሉም።

"ይጣፍጣል" አሉ በመጨረሻ።

"ንብ አለኝ" አሉ አያ ይማም። "ማር ጥርስ ላይ እንዴት እንደሚለጠፍ አውቃለሁ። ልጅቱ የመሰከረችብሽ ማርሽ ብዙ መሆኑን ነው።" ከዚያ ወደ እትዬ ዞሩ። "ግን አንቺም አጥፍተሻል። ሰው ቤት የራስን ውሃ ይዞ መሄድ ምን ማለት ነው? እነሱ ቤት ውሃ የለም ማለትሽ ነው?" ቅሪቦውን አስቀመጡ። "ሕመም ነገር አለብሽ እንዴ?"

እትዬ ወደ እኔ አየች። ትናገራለች ብዬ ነበር።

"የለብኝም" አለች።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። እትዬ ከእንግዲህ ውሃ ይዛ ሰው ቤት አትገባም። እማማ ደስታ ደግሞ ካበሉና ካጠጡ በኋላ መጉመጥመጫ ውሃ በገዛ እጃቸው ይሰጧታል፤ ማፍሰሻውንም ያቀርቡላታል። ተሳሳሙ። የልጅ ልጃቸው ጨርቅ በዚያው ቀን ተመለሰ።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ፣ "ለምን አልነገርሻቸውም?" አልኳት።

"ምን ብዬ?"

"ልቤን ያመኛል ብለሽ።"

መርፌዋ ውስጥ ክር ታስገባ ነበር። ክሩን አስገባች። "ብነግራቸው ቀሚስ ልትወስድ የመጣች ሁሉ እግዜር ይማርሽ ብላ ትቀመጣለች። ታጽናናኛለች። ለበዓሉ ማን ይሰፋል?" አለች።

እማማ ደስታ ፍርዱን አከበሩ። በሚቀጥለው በዓል ማንቆርቆሪያ በአንድ እጃቸው፣ ጎድጓዳ ሳህን በሌላው ይዘው መጡ። ለአንዷ ብቻ መስጠቱ ደስ ስላላላቸው ለሁሉም ሰጡ። እንግዳው ሁሉ ተጉመጠመጠ። ከዚያ ወዲህ የእሳቸው ቤት ወግ ሆነ፤ ከእሳቸውም ወደ ሌላ ቤት ሄደ። ሰው ለምን እንደሚጉመጠመጥ አያውቅም። "የአያ ይማም ፍርድ ነው" ይላል። እትዬም በመጨረሻ እንደ ሰው ሁሉ ቤት ውስጥ ተቀምጣ መጉመጥመጥ ቻለች።

ስልኩ ግን አልጮኸም። ማለቴ፣ ይጮሃል፤ እነሱ አይደሉም።

ለገና በዓል ሳምንት ሲቀር እግሯ አብጦ የመኪናውን ፔዳል መርገጥ አቃታት። ከፊቷ ያልተሰፋ የልጆች ልብስ ተቆልሎ ነበር። በእጄ እሰፋዋለሁ አለች። ትንሽ ቆይቶ ትንፋሽ አጠራት። የከተማችን ሐኪሞች ደሴ ትሂድ አሉና በአምቡላንስ ወጣን፤ እኔና እናቴ አብረናት።

አቀስታ ላይ ሾፌሩ ትንሽ ሲቆም እናቴ የማንጎ ጭማቂ ገዛችላት። እህል ከቀመሰች ቆይታ ነበር። ቀና አድርገን ያዝናት። ሁለት ጊዜ ፉት አለችና በጣቷ ወደ ውሃው አመለከተች። እኔ ገባኝ። ውሃውን አፏ ላይ አደረግሁላት። ጉንጯን ለማንቀሳቀስ ጉልበት አልነበራትም፤ እንደምንም ተጉመጠመጠች። እናቴ ፌስታል ያዘችላት።

"አሁን ይሄ ምን አስጨነቀሽ፣ ልጄ?" አለቻት።

"ቢደውሉስ" አለች እትዬ።

ደሴ ሳንደርስ ጉጉፍቱ ላይ አረፈች። ብርድ ነበር። ሾፌሩ መኪናውን አቆመና ወርዶ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። ከዚያ መለሰን።

የተቆረጠውን ጨርቅ ለየባለቤቱ ያደረስኩት እኔ ነኝ። በየቤቱ ስሄድ ሰዎቹ ጨርቁን ተቀብለው የሚያደርጉት ይጠፋቸዋል፤ ይዘውት ይቆማሉ። በዚያ ገና የሰፈሩ ልጆች የአምናውን ልብስ ለበሱ። እማማ ደስታ ሕመሟ ምን እንደነበር የሰሙት በለቅሶው ነው። እኔን አጥሩ አጠገብ ይዘው፣ "ለምን አልነገራችሁኝም?" አሉ። "ውሃውን ለብ አደርግላት ነበር። ቀዝቃዛ ነበር እኮ የምሰጣት።"

እናቴ ስልኩን ቻርጅ ማድረግ አልተወችም። ማታ ማታ ከግድግዳው ላይ ትሰካዋለች። አንድ ቀን ተይው ልላት ፈልጌ ነበር። ፊቷን አይቼ ተውኩት።

አርባዋ ደረሰ። ድንኳን ተተከለ። ባዬም ከከላላ መጣ፤ ማንም ሳይነግረው የቆርኪውን ሥራ በምሰሶው መክፈቻ ሲሠራ ዋለ። ካህናቱ በልተው ሕዝቡም እየበላ ነበር። እማማ ደስታ ማንቆርቆሪያውን ይዘው ከጥግ ጀምረዋል። እኔ እንግዳ ሳስተናግድ ምንም አልቀመስኩም ነበር። እናቴ ከቤት ወጣች። ስልኩን በሁለት እጆቿ ይዛዋለች። ይጮሃል። ሰው መካከል አልፋ መጥታ ሰጠችኝና ቆመች።

የሴት ድምፅ ነበር። "ወይዘሪት ትርንጎ ናት?"

"ወንድሟ ነኝ።"

"እንኳን ደስ አላችሁ፤ ተራዋ ደርሷል። ከመምጣቷ በፊት ጥቂት ነገር ልጠይቅህ። ትኩሳት አላት?"

መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ሴትዮዋ በቅደም ተከተል ነው የምትጠይቀው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። እትዬ ያንን ጥያቄ በየበዓሉ ስትጠብቀው ኖራለች። ሳይመለስ እንዲቀር አልፈለግሁም።

"የላትም" አልኩ።

"መርፌዋን ያቋረጠችበት ጊዜ አለ?"

"አላቋረጠችም።"

"ጥርሷስ? የተበላሸ፣ የተቦረቦረ፣ የሚያማት ጥርስ አለ?"

"አንድም የለም። ሁሉም ደህና ነው።"

"ጎበዝ ናት" አለች ሴትዮዋ። "ብዙ ሰው የምንመልሰው በጥርስ ነው።"

ከዚያ ነገርኳት። በስልኩ ውስጥ የሌሎች ሰዎች ድምፅ ይሰማል። "ነፍስ ይማር" አለች በኋላ። ተራው ለሚቀጥለው ሰው ይሰጥ እንደሆነ ጠየቅኋት። ይሰጣል አለች። ጥሩ ነው አልኳት።

ስልኩን ለእናቴ መለስኩላት። አልጠየቀችኝም፤ ሰምታለች። ቀና ስል እማማ ደስታ ፊቴ ቆመዋል፤ ሳህኑን ዘርግተዋል። ከማንቆርቆሪያው ላይ እንፋሎት ትንሽ ትንሽ ይወጣል። ለብ አድርገውታል።

"ተጉመጥመጥ" አሉኝ።

"አልበላሁም፣ እማማ።"

"ቢሆንም።"

እጄን ዘረጋሁ። ውሃውን ቀዱልኝ፤ ተጉመጠመጥኩ።